የይቅርታው ድንጋይ
ከፋሲካ በኋላ በነበረው ዐርብ አንድ ገበሬ እንደ ደንቡ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ ለመለመን ከግራዝማች አብተው ደጅ ቆመ። «ግራዝማች ችሎት ላይ ያንኮራፋሉ» ብለሃል ተብሎ እርሻውን ሊነጠቅ ነበር። ግራዝማች ፀሐዩ አናቱን እስኪበሳው አስጠብቀውት ወጡ።

«ይሄማ ተራ የኖራ ድንጋይ ነው! ለእኔ የሚመጥን እብነ በረድ አምጣ፤ አለዚያ መሬቱን እርሳው» አሉት።

«ጌታዬ፣ እብነ በረድም ድሮ የኖራ ድንጋይ ነበር፤ የለወጠው ከምድር በታች የበዛበት ሙቀትና ጫና ነው። ይሄኛው ግን ጫንቃዬ ላይ ነው ያለው፤ ከላይ የተቀመጠ ምን ይለወጣል? ሙቀቱንም ጫናውንም ከሥር ሆኜ የቻልኩት እኔ ነኝ። እብነ በረድ ካሻዎት እነሆኝ!» አላቸው።

ግራዝማች ሳቃቸው አመለጣቸውና መሬቱን ተዉለት። የማንኮራፋቱን ወሬ ገበያ ያወጡት የገዛ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት መሆናቸው የታወቀው ግን ክረምት ከገባ በኋላ ነው።