የሁለታችሁንም አምጪ

ጠጋ በሉ፤ አንተም ያንን ስልክ ክተተው። ወንዛችን ዛሬ ከምታዩት እጥፍ ሰፍቶ ሲወርድ፣ ጉሙም እስከ ረፋድ ከሸለቆው አልነሳ ሲል፣ ያኔ ደብሪቱ የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረች። ድሃ ናት። እንዶድ ወቅጣ የሰው ልብስ ታጥባለች። ከጉሙ ውስጥ ልብሱ ነጭ ነጭ ሲል ይታያል፤ እሷ አትታይም።

አትሳቁ እንግዲህ፣ አጣቢ የማታውቀው ጉድ የለም። መጀመሪያ ባል ያገባችው የእህቷ ልጅ ቀሚስ ላይ መጥፎ ፈሳሽ አየች። ልጅቱን ከእንብርቷ በታች ያማታል፣ ትኩሳትም አላት። ሰው ሁሉ ብርድ ነው አለ። እኛ አገር ሴት ሆዷን ካመማት ብርድ ነው፤ የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለው አስታቀፏት። ደብሪቱ ከባል የሚጋባ በሽታ ጠርጥራ ነበር፤ አፍራ ዝም አለች። ልጅቱ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ ከወንዙ ውስጥ የልጅቱን ድምፅ ትሰማ ነበር ይላሉ።

ሁለተኛ የአንጓች ቀሚስ መጣ። አንጓች የነጋዴው የባዘዘው ሚስት ናት፤ ገና ሙሽራ፣ ለልጅ የጓጓች። ፈሳሹ ያው ነው። ደብሪቱ አሁን ዝም አላለችም። «ልጄ፣ ይሄ ብርድ አይደለም፤ ተነሺ» አለቻት። ሁለት ቀን በእግር ተጉዘው ሐኪም ቤት ደረሱ። ሐኪሙ መርፌ ወጋት፣ ኪኒን ሰጣት። ባሏም ካልታከመ እንደሚመለስባት፣ ከተመላለሰም መውለድ ሊቀርባት እንደሚችል ነገራት። አንጓች ዳነች። ለባሏ ግን ምን ብላ ትንገረው? ደበቀችው። በሁለት ወሩ ያው ሕመም ተመለሰ።

ሦስተኛ የባዘዘው ጋቢ ለጥምቀት እንዲታጠብ መጣ። ደብሪቱ ሳታጥብ መለሰችው። ባዘዘው ተቆጥቶ ወንዝ ወረደ። ጉሙ ውስጥ ሰው አይታይም፤ የደብሪቱን ድምፅ ብቻ ሰማ።

«ሚስትህን ያመማት ካንተ የተጋባ ነው። አንተን ስላላመመህ ጤነኛ ነኝ ብለሃል። ሁለታችሁም ሄዳችሁ ታከሙ፤ ያኔ አጥብልሃለሁ።»

ባዘዘው ያልታጠበውን ጋቢ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሲነጋ ሚስቱን በበቅሎው ጭኖ ሄደ፤ አብረው ታከሙ። የተመለሱት በዋዜማው ነበርና የዚያን ዓመት ጥምቀትን ባደፈ ጋቢ ዋለ።

ለዚህ ነው እኛ መንደር ሆዷን ያመማት ሴት የሷን ቀሚስና የባሏን ጋቢ ባንድ ቅርጫት ወንዝ የምታወርደው። ማንም አይጠይቃትም። በማግስቱ ባልና ሚስት አብረው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። አፍራ የራሷን ቀሚስ ብቻ ያመጣችውን ደግሞ ሴቶቹ «የሁለታችሁንም አምጪ» ይሏታል።

አንጓች በአራተኛው ዓመት አንድ ልጅ ወለደች። ሌላ አልደገመችም፤ ሕመሙ ጠባሳ ትቶባት ነበር። ያ አንድ ልጅ እኔ ነኝ።