ካርዱ አልሮጥም ያለ ዕለት

ተረት ነው ብትሉም ደግ፣ እውነት ነው ብትሉም ደግ፤ ብቻ ስሙኝ።

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አባባ ቱፋ የሚባሉ ጡረተኛ የባቡር ነጂ ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው በማግስቱ ማለዳ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሊሄዱ ሻንጣቸው ተዘጋጅቷል። የልጅ ልጃቸው ለንሳ የካርቱን ፊልም ትሠራለች። ያን ሰሞን እሳቸው ይነዷት የነበረችውን አሮጌ ባቡር፣ የአዋሽን ድልድይ ስታቋርጥ ስትሥል ነበር የሰነበተችው።

«ለንሳዬ፣» አሏት ከምሳ በኋላ፣ «ዓይኔ ነገ ከነገ ወዲያ ምን እንደሚሆን እግዜር ነው የሚያውቀው። ባቡሬን ዛሬ ልያት።»

«ዛሬ ያይዋታል፣ አባባ» አለች። ከአፏ ካወጣችው በኋላ ነው የደነገጠችው። ሥዕሉ አልቋል፤ ግን ኮምፒውተሩ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዘጋጅቶ ፊልም ማድረግ ይቀረዋል። በያዘው አካሄድ ደግሞ አባባ ተሳፍረው ከሄዱ በኋላም አይጨርስም።

ይህን ሥራ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ ነው። ለንሳ ፍጥነቱን ከፍ አደረገችለት። ካርዱ ጥቂት ሮጠ፣ ስክሪኑ ተዥጎረጎረ፣ ከዚያ ድርቅ ብሎ ቀረ። የሮጠ ይርበዋላ! የካርድ ምግቡ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው፤ ልኩም ቮልቴጅ ይባላል። ቮልቴጁ ካልተጨመረ ካርዱ አይሮጥም፤ ካርዱ ካልሮጠ ፊልሙ አያልቅም፤ ፊልሙ ካላለቀ አባባ ባቡራቸውን አያዩም።

ለንሳ ቮልቴጁን በጥቂቱ ጨመረች። በጥቂቱ ነው፤ ቮልቴጅ እንደ ጨው ነው፣ ሲያንስም አይሆን፣ ሲበዛም ድስቱን ያበላሻል። ካርዱ ፈረጠጠ። እልል ልትል ምንም አልቀራት። ነገር ግን ቮልቴጅ ሲጨመር ሙቀት ይከተላል፤ የድሬ ከሰዓት ደግሞ በራሱ ምድጃ ነው። ካርዱ ጋለ፣ ጋለና እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ጣለው። ለንሳ ቮልቴጁን ወደ ነበረበት መልሳ ክዳኑን ከፍታ ብታይ ማራገቢያው አይዞርም። ማራገቢያው ካልዞረ ሙቀቱ አይወርድም፤ ሙቀቱ ካልወረደ ቮልቴጁ አይጨመርም፤ ቮልቴጁ ካልተጨመረ ካርዱ አይሮጥም፤ ካርዱ ካልሮጠ ፊልሙ አያልቅም፤ ፊልሙ ካላለቀ አባባ ባቡራቸውን አያዩም።

ኮምፒውተሩን ታቅፋ መንገዱን ተሻገረችና ጥገና ቤት ያለው ኑረዲን ጋ ገባች።

«ይቺ ማራገቢያ በቃት» አለ ኑረዲን በጣቱ እየነካካት። «ለሷ የሚሆን ነበረኝ፤ ግን ለዘሃራ አውሼያታለሁ። የጁስ ቤቷ ፍሪጅ ሲግልባት ከጀርባው ገጥሜላታለሁ። እሷ ከለቀቀችልሽ መግጠሙ በኔ።»

ጁስ ቤቱ አጠገቡ ነው። ዘሃራ የለንሳን ነገር ሰምታ ወደ ፍሪጇ ዞር አለች። «አቦ፣ ለአባባ ቱፋማ ምን ይከለከላል? ግን ይሄን ሁሉ ማንጎ ልጄ አድርጌ ላቅፈው ነው? በረዶ አምጪልኝ፤ በበረዶ ላስተኛውና ማራገቢያውን ትወስጃለሽ።»

በረዶ ያለው ራቅ ብሎ ሳቢያን ሰፈር ነው። በእግር ቢመጣ ውሃ ሆኖ ነው የሚደርሰው። በረዶው ካልመጣ ማራገቢያው አይለቀቅም፤ ማራገቢያው ካልተለቀቀ ሙቀቱ አይወርድም፤ ሙቀቱ ካልወረደ ቮልቴጁ አይጨመርም፤ ቮልቴጁ ካልተጨመረ ካርዱ አይሮጥም፤ ካርዱ ካልሮጠ ፊልሙ አያልቅም፤ ፊልሙ ካላለቀ አባባ ባቡራቸውን አያዩም።

ከዛፉ ጥላ ሥር ድሪባ ባጃጁ ውስጥ ጋደም ብሎ ጫቱን ይቅማል።

«ድሪባ፣ ሳቢያን ውሰደኝ።»

«በወሰድኩሽ። ባትሪው ሞቷል እኮ። ካልተገፋ አይነሳም።»

«እገፋዋለሁ።»

ድሪባ መሪውን ያዘ፣ ለንሳ ከኋላ ገፋች። ባጃጁ ትንሽ ተንከባለለና ቆመ። ደግማ ገፋች፤ ያው ነው። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ቃል የገባችው ለሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ብላ ትገላገል ነበር።

«ለንሳ፣ የት ጠፋሽ?» ቀና ስትል አባባ ቱፋ ናቸው፤ በከዘራቸው መንገዱን እየዳበሱ መጥተዋል።

«አባባ፣ አልሆነልኝም» አለች። «ባጃጁ ካልተገፋ አይነሳም፤ ባጃጁ ካልተነሳ በረዶው አይመጣም፤ በረዶው ካልመጣ ማራገቢያው አይለቀቅም፤ ማራገቢያው ካልተለቀቀ ሙቀቱ አይወርድም፤ ሙቀቱ ካልወረደ ቮልቴጁ አይጨመርም፤ ቮልቴጁ ካልተጨመረ ካርዱ አይሮጥም፤ ካርዱ ካልሮጠ ፊልሙ አያልቅም፤ ፊልሙ ካላለቀ እርስዎ ባቡርዎን አያዩም።»

አባባ ቱፋ እስከ መጨረሻው ሰሟትና ከዘራቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ የቆመው በባጃጅ ነው? ያን ሁሉ ፉርጎ ስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝ። ወዴት ነው የምገፋው?»

ዘሃራ ከጁስ ቤቷ አየቻቸው። «ኑረዲን፣ ሽማግሌው እየገፉ እኛ ቆመን ልናይ ነው?» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ኑረዲንም ተከተላት። አራቱም ትከሻቸውን ሰጡ፤ አባባ መሐል ሆነው «በሉ!» አሉ።

ባጃጁ ተገፋና ተነሳ፤ ባጃጁ ሲነሳ በረዶው መጣ፤ በረዶው ሲመጣ ማራገቢያው ተለቀቀ፤ ማራገቢያው ተገጥሞ ሲዞር ሙቀቱ ወረደ፤ ሙቀቱ ሲወርድ ለንሳ ቮልቴጁን ጨመረች፣ ጠብቃ አየች፣ ጥቂት ጨመረች፣ ካርዱ ሞቅ ማለት ሲጀምር አንድ እርከን መለሰችና እዚያው ተወችው፤ ቮልቴጁ ሲስማማው ካርዱ ሮጠ፤ ካርዱ ሲሮጥ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ፊልሙ አለቀ።

የገፋ ሁሉ ሊያይ መጣ። አባባ ቱፋ ወንበራቸውን አስጠግተው አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። ባቡሯ ከግራ በኩል ጢሷን እየተፋች መጣች፣ ሜዳውን አቋረጠች፣ ድልድዩን ውልብ ብላ አለፈችው። ለንሳ ስክሪኑን ትታ የአያቷን ፊት ታያለች።

«እሷ ናት» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «ራሷ ናት። ብቻ ለንሳዬ፣ ድልድይ ላይ እንዲህ አይሮጥም። ቀንሺ።»

ዘሃራ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለንሳም እየሳቀች ፊልሙን መለሰችና ቀስ ብሎ እንዲሄድ አደረገችው። ባቡሯ ድልድዩ ላይ ወጣች፤ አባባ ቱፋ እጃቸውን ፍሬን እንደሚይዝ ነጂ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ በገዛ ፍጥነታቸው፣ አዋሽን ተሻገሩ።