ማለፊያ መንገድና የወይዘሮ አሰገደች ላም

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለት ወግ ነው። በሉኝ፣ ግድ የለም። የዛሬዋ ላም ግን በረቷ ውስጥ የለችም፤ ከአዲሱ አስፋልት ማዶ ቀርታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉሽ ውሃ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። አንድ ቀን ነዋሪዎቿ ስብሰባ ተጠሩና ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ሰፊው የፍጥነት መንገድ ተራዝሞ በነሱ በኩል እንደሚመጣ ተነገራቸው። ስብሰባውን የመራው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና «ለጉሽ ውሃ ማለፊያ መንገድ ይሠራላታል» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጎሚስታው አጨበጨበ፣ ባለሥጋ ቤቱ አጨበጨበ፣ ወይዘሮ አሰገደች እልል አሉ። ማለፊያ ሲላቸው ሸጋ መንገድ፣ አንደኛ መንገድ መስሏቸው ነው። ሰውዬው ግን ከተማዋን በጎን ትቶ የሚያልፍ መንገድ ማለቱ ነበር። ይህ የገባቸው መንገዱ ከተማዋን በጀርባዋ ዞሮ ካለፈና ግራ ቀኙ በሽቦ ከታጠረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ያጨበጨቡትን መመለስ አይቻልም።

ወይዘሮ አሰገደች ከመንገዱ ብዙ አልፈለጉም። የፈለጉት ላማቸው እንድትሻገር ብቻ ነው። ላሟ ዳለቻ ትባላለች፤ ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ትናንት ጠዋት እንደ ልማዷ ወደ ግጦሹ ሄደች፤ ግጦሹ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ነገ ምርቃት ነው ብለው የቀረችውን የአጥር ክፍተት ዘጉ። ላሟ ማዶ ቀረች፣ ጥጃው ሳይጠባ አደረ።

ቅርብ የሚባለው ድልድይ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ወዲያ ነው። ሌላ ወተት እንዳይሰጡት ዘንድሮ የጉሽ ውሃ ላሞች ሁሉ ነጥፈዋል። ጠዋት ጣታቸውን ጥጃው አፍ ውስጥ ቢያስገቡ ምላሱ ደርቋል፤ ጣታቸውንም በወጉ አልጠባም። ወይዘሮ አሰገደች ደነገጡ። «እስከ ማታ አይቆይልኝም» አሉና መቀነታቸውን አጥብቀው ወጡ።

አጥሩ ላይ ወዲህና ወዲያ ትይዩ የብረት በር አለ። የበሩ ዘበኛ ጎረቤታቸው ደምሰው ነው።

«አያ ደምሰው፣ መኪና ገና አልተለቀቀም፤ በሩን ክፈትልኝና ላሜን ላሻግራት።»

«እኔማ በከፈትኩ ነበር፣ እትዬ አሰገደች። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው፤ ውጭውን ደግሞ ዳምጠው ቆሞበታል።»

ዳምጠው ሰው አይደለም፤ አስፋልት የሚዳምጠው ባለ ብረት እግር መኪና ነው።

«እንግዲያው ጥጃውን በአጥሩ ላይ ላቀብልህ?»

«በአጥር ላይ መሻገር ክልክል ነው። ይኸው ተጽፏል።»

በሩ አልከፈት አለ፣ ላሟ ማዶ ቀረች፣ ጥጃው ሳይጠባ አደረ።

የዳምጠው ሹፌር ተካልኝ በመኪናው ጥላ ሥር ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተጋድሟል። ወይዘሮ አሰገደች አጠገቡ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህን መኪና ትንሽ ፈቀቅ አድርግልኝ። በሩ አልከፈት አለ፣ ላሜ ማዶ ቀረች፣ ጥጃዬ ሳይጠባ አደረ።»

ተካልኝ ኮፍያውን በአንድ ጣት አነሳ። «እማማ፣ ይሄ እንደ ባጃጅ የሚነሳ መሰለዎት? እዚህ አቁመው ያለችኝ ኢንጂነሯ ናት። ያለ እሷ ወረቀት አንድ ክንድ ብነቀንቀው ከሥራዬ እባረራለሁ።» ይህን ብሎ ኮፍያውን ወደ ቦታው መለሰ።

ዳምጠው አልነሳ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ላሟ ማዶ ቀረች፣ ጥጃው ሳይጠባ አደረ።

ኢንጂነር ሕሊና ቢሮዋ ኮንቴነር ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የመንገዱ ፕላን ተለጥፏል።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ወረቀት ጻፊልኝ። ዳምጠው አልነሳ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ላሜ ማዶ ቀረች፣ ጥጃዬ ሳይጠባ አደረ።»

ኢንጂነሯ ፕላኑን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ፕላኑ ላይ ላም የለችም፣ እማማ» አለች፤ አዝናለች፣ ከልቧ ነው ያዘነችው። ከዚያ ወረቀት ስባ ሁለት መስመር እንኳ የማትሞላ ነገር ጻፈች፤ «ማለፊያ። ላም አንድ።» ፈረመችበት። «ግን የቀበሌ ማኅተም ያስፈልገዋል። እኔ የመንገዱ ነኝ፤ ላሟ የቀበሌው ናት።»

ወረቀቱ አልጸና አለ፣ ዳምጠው አልነሳ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ላሟ ማዶ ቀረች፣ ጥጃው ሳይጠባ አደረ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ወርቅነህ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ወንበርና ጠረጴዛ መካከል ሲባጎ ወጥረው በመቀስ ይለማመዳሉ። ሪባኑን የሚቆርጡት እሳቸው አይደሉም፤ ምናልባት ከተባሉ ብለው ነው።

«ጌታዬ፣ ይህችን ያትሙልኝ። ወረቀቱ አልጸና አለ፣ ዳምጠው አልነሳ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ላሜ ማዶ ቀረች፣ ጥጃዬ ሳይጠባ አደረ።»

«ወይዘሮ አሰገደች፣ እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ‹መስተንግዶው ተሟልቷል› ብላ እስክትነግረኝ ድረስ ያ ማኅተም ከመሳቢያው አይወጣም። የጥጃ ጉዳይ ለሳምንት ይደርሳል።» ሲባጎውን ቆረጡት።

«ጥጃው ለሳምንት አይደርስም» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። አቶ ወርቅነህ ግን ሌላ ሲባጎ እየፈለጉ ነበር።

በመንገዳቸው ቤታቸው ጎራ አሉ። ጥጃው ተኝቷል። ሲጠሩት አልተነሳም፤ አንድ ጆሮውን ብቻ አነቃነቀ። ወይዘሮ አሰገደች አለቀሱ። ያለቀሱት ግን እየሄዱ ነው፤ ቆሞ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራቸውም።

ማኅተሙ አልወጣ አለ፣ ወረቀቱ አልጸና አለ፣ ዳምጠው አልነሳ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ላሟ ማዶ ቀረች፣ ጥጃው ሳይጠባ አደረ።

የመስተንግዶ ኮሚቴዋ ወይዘሮ ደብሪቱ ዳሱ በር ላይ በወይራ የታጠነ ጮጮ ታቅፈው ቆመዋል። ፊታቸው ተኮሳትሯል። ወይዘሮ አሰገደች ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ጀመሩ፦

«እባክሽ ደብሪቱ፣ መስተንግዶው ተሟልቷል በዪልኝ! ማኅተሙ አልወጣ አለ፣ ወረቀቱ አልጸና አለ፣ ዳምጠው አልነሳ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ላሜ ማዶ ቀረች፣ ጥጃዬ ሳይጠባ አደረ!»

«እንዴት ብዬ ተሟልቷል ልበል? ዋናው እንግዳ ጨጓራ አለባቸው፤ ከትኩስ ወተት በቀር አንድ ነገር አይቀምሱም። ጮጮው አልሞላ አለ! በዚህ አገር የምትታለብ ላም አንዲት ብቻ ናት፤ ከማለዳ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሰው ብልክ ባለቤቷ ቤት የለችም።»

«የማን ላም ናት?»

«ያንቺ ናታ!»

ሁለቱም ባዶውን ጮጮ አዩ።

«ዳለቻ ጥጃዋን ካላየች» አሉ ወይዘሮ አሰገደች ቀስ ብለው፣ «ጠብታ አትሰጥሽም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጮጮውን እንደታቀፉ ሮጡ። ወፍራም ናቸው፣ ሲሮጡ አይቷቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለአቶ ወርቅነህ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ላሟ ካልተሻገረች ወተት የለም፤ እንግዳው ጦማቸውን ይመለሳሉ።» ማኅተሙ ወጣ። በችኮላ ወረቀቱ መካከል ላይ ዱብ ተደረገ፤ ወረቀቱ ጸና። ተካልኝ ወረቀቱን አይቶ ኮፍያውን በትክክል ደፋና ዳምጠው እያጓራ ሦስት ክንድ ሄደ። በሩ ብቻ ቀረ።

ደምሰው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ማኅተሙ ያረፈው ኢንጂነሯ ያስቀመጠቻት አራት ነጥብ ላይ ነበር፤ ነጥቧ የለችም።

«ማለፊያ ላም አንድ» አለ ደምሰው። «ማለፊያነቷን እኛም እናውቃለን፣ እትዬ። ክፈት የሚለው የታለ?»

ወይዘሮ አሰገደች በሽቦው ማዶ ዳለቻን አዩ። ጡቷ ተወጥሯል፤ ከጠዋት ጀምሮ አጥሩን እየታከከች ትጮሃለች። ያን ጊዜ ተናደዱ፤ ሲናደዱ ደግሞ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«አያ ደምሰው፣ ያኔ ስብሰባው ላይ ከጎኔ ነበርክ። ማለፊያ መንገድ ሲሉን ሸጋ መሰለንና አጨበጨብን፤ ለካ ትተውን ማለፋቸው ነው። ዛሬ ደግሞ ላሜን አሳልፍ ሲሉህ ሸጋ ናት ትለኛለህ። ይህን ቃል አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ ለኛ በሚሆን በኩል አንብበው።»

ደምሰው አቀረቀረ። እሱም በጣም ነበር ያጨበጨበው። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

በሩ ተከፈተ፣ ላሟ ተሻገረች፣ ጥጃውን ተሸክመው አመጡላት። መጀመሪያ አልቆም አለ፤ ወይዘሮ አሰገደች ሆዱን ደግፈው አቆሙት። ዳለቻ ላሰችው። ጠባ።

አቶ ወርቅነህ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ጮጮውን እንደያዙ፣ ዋናው እንግዳም ከመኪናቸው ወርደው አስፋልቱ ላይ ቆመው ጠበቁ። «መጀመሪያ ጥጃው» ብለዋል ወይዘሮ አሰገደች፣ ለማንም ቀና ሳይሉ። ጥጃው ጠግቦ አፉ አረፋ ሲደፍቅ ጮጮው ሞላ፤ ጮጮው ሲሞላ ሪባኑ ተቆረጠ።

እንግዳው ወተቱን ጠጥተው አፋቸውን ጠረጉ። ደስ አላቸው።

«እናታችን፣ መንገዱን እንዴት አገኙት? የጎደለውስ ነገር ይኖር ይሆን?»

«ማለፊያ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

እንግዳው የሰሙት ለፊተኛው ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ነው፤ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ፣ አጃቢዎቻቸውም አጨበጨቡ። የጉሽ ውሃ ሰው በዚህኛው ጊዜ አላጨበጨበም። ኢንጂነር ሕሊና የሰማችው ግን ለኋለኛው ጥያቄ የተሰጠውን ነው። ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች፤ በወሩ ከአስፋልቱ ሥር ላም ቀንዷ ሳይነካት የምታልፍበት ሰፊ ቱቦ ተቀበረ። አሁን ፕላኑ ላይ ላም አለች።

እኔም ተረቴን በማለፊያው መለስኩ፤ አፌን ከዳለቻ በተረፈው ወተት አብሱልኝ።