የእንቁራሪት ደቦ

ተረት ተረት!
የወንዝ ዳር ቤት።

በአንድ ከተማ መሃል የሚያልፍ፣ ሽታው አላፊ አግዳሚውን አፍንጫ የሚያስይዝ ወንዝ ነበር። እንቁራሪት ዳሩ ላይ ካለው ጭቃ ውስጥ ትኖራለች። አንድ ቀን እመት ዝይ ነጭ ላባዋን አራግፋ፣ «ወንዙን አጽድተን የሁላችን መናፈሻ እናድርገው፤ ሥራው በደቦ ነው!» ብላ አወጀች።

ደቦ ሲባል የእንቁራሪት ልብ ሞቀ። ዛሬ እኔ ለጎረቤቴ፣ ነገ ጎረቤቴ ለእኔ ማለት ነዋ!

ቁራ ግን የመብራት ሽቦ ላይ ሆኖ ሳቀባት። «አንቺ ሞኝ፣ ጠላ የሌለው ደቦ የት አይተሻል?»

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ ሟርተኛ!» አለችውና በጋውን ሙሉ ቆሻሻ በጀርባዋ ስታመላልስ ከረመች።

ወንዙ ጠራ። ዳር ዳሩ ድንጋይ ተነጠፈ፣ ሣር ተተከለ፤ ሁሉም ከየሰፈሩ እየመጣ ይንሸራሸርበት ጀመር። እንቁራሪት ሆዷ በእንቁላል ተነፍቶ ዝይ ፊት ቀረበች።

«እመት ዝይ፣ እንግዲህ ደቦው ወደ እኔ ይዙርልኝ። እንቁላሌን የምጥልበት እፍኝ ጭቃ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ቤትሽ የት ነበር?»

«ይኸው፣ እርስዎ ከቆሙበት ድንጋይ ሥር።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?» አለች ዝይ ከልቧ ተገርማ። «ይሄ ሁሉ ጎረቤት የሠራው እኮ ያንቺን ቤት ነው!»

ሣሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ለዝይ አጨበጨቡላት። እንቁራሪትም አቀርቅራ፣ ጭቃ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ተረቴን መልሱ፣
ለእሷም ድረሱ።