ኖዝሉ አልረጭም አለ

«ናፍጣውን ሸጠህ ጥላሸት ሞላህልኝ! ሌባ!» አለች ይታይሽ። ይህን ያለችው በርብ ወንዝ ዳር፣ ጎረቤት ሁሉ መደቡን እየኮተኮተ ባለበት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ ነው።

«ማነው ሌባ?» አለ አያ ጥጋቡ።

«አንተ ነህ እንጂ ሌላ ማን አለ? ና እየው! ይኼ ናፍጣ ነው? ከሰል የታጠበበት ነው እንጂ!»

«ሰኞ ተራዬን ስጨርስ ጀሪካኑን ሞልቼ በርሽ ላይ አላስቀመጥኩም?»

«አስቀምጠሃል! ምን እንደሞላህበት አንተና ፈጣሪ ታውቃላችሁ!»

የውሃ ሞተሩ የሁለቱ ነው። በጋራ ገዝተው በተራ ያጠጡበታል። ደንባቸው አጭር ነው፤ ተራውን የጨረሰ ሰው አንድ ጀሪካን ናፍጣ ሞልቶ ከተረኛው በር ላይ ያስቀምጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ደንብ ተዛንፎ አያውቅም። ዛሬ ተራው የይታይሽ ነበር። በማለዳ የሽንኩርት ችግኟን ነቅላ መደቡ ላይ ተከለች። ከዚያ ጀሪካኑን አነሳችና፣ ዓይኗ ፀሐይዋ ላይ፣ ሐሳቧ ችግኟ ላይ እንዳለ፣ ሞተሩ ላይ ገለበጠችው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለ፤ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ዝም አለ። የናፍጣውን ማጠራቀሚያ ከፍታ ብታይ ውስጡ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል።

አዲስ የተተከለ የሽንኩርት ችግኝ ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ውሃ ሳይቀምስ እኩለ ቀን ከሆነበት አበቃለት። ይታይሽ የዘንድሮ ዘሯን በሙሉ አፍልታ የተከለችው ያንኑ ነው። ሌላ የላትም።

አያ ጥጋቡ ጎንበስ ብሎ ሞተሩ የሚነሳበትን የብረት እጀታ ነቀለና ብብቱ ስር ሸጎጠው።

«ስትሰድቢኝ ወንዙ በሙሉ ሰምቷል» አለ። «ስድብሽን ስታነሺም ወንዙ በሙሉ ይስማ። እስከዚያ ማስነሻውን አልሰጥም።» ሄዶ ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ጥላ ስር ተቀመጠ።

«ታቀፈው! ለታመመ ሞተር ማስነሻ ምን ያደርግለታል?» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሮጠች።

የሮጠችው ወደ ማንደፍሮ ነው። በዚያ አካባቢ ያለውን የውሃ ሞተር ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው።

«ማንደፍሮ፣ ድረስልኝ! ችግኙ ውሃ ይላል፤ ፓምፑ አልስብም ይላል፤ ሞተሩ አልነሳም ይላል!»

ማንደፍሮ የመፍቻ ከረጢቱን ተሸክሞ መጣ። ሞተሩን ዞረው፤ አሸተተው፤ ከአናቱ ላይ አውራ ጣት የምታክል ብረት ፈትቶ አወጣ።

«ይኼ ኖዝል ይባላል» አላት። «ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው እሱ ነው። ቀዳዳው ከፀጉር ይቀጥናል። ታዲያ በምን ደፈንሽው?»

ጥቁሩን ነገር በሁለት ጣቱ መሐል አሸት አሸት አደረገው።

«የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ዘይት እኮ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ነው፤ በናፍጣ መንገድ አይሄድም። ቅቤ አናት ላይ ቢደረግ መልካም፤ ዓይን ውስጥ ይጨመራል?»

«አያ ጥጋቡ ነው ያመጣው!»

«ማን እንዳመጣው ኖዝሉ አይነግረኝም። እሱም ማጣሪያውም መታጠብ አለባቸው። የሚታጠቡት ደግሞ በንጹሕ ናፍጣ ነው። በውሃ አላጥብም፤ በዚህ ጥላሸትም አላጥብም።»

ይታይሽ መደቧን አየች። ጫፍ ላይ ያሉት ችግኞች አንገታቸውን መድፋት ጀምረዋል። ባዶውን ጀሪካን አንጠልጥላ እንደገና ሮጠች።

ቢያድግልኝ ከመንገዱ ዳር በርሜል አቁሞ ናፍጣ ይቸረችራል።

«ቢያድግልኝ፣ ቶሎ ቅዳልኝ! ችግኙ ውሃ ይላል፤ ፓምፑ አልስብም ይላል፤ ሞተሩ አልነሳም ይላል፤ ኖዝሉ አልረጭም ይላል፤ ማንደፍሮ አላጥብም ይላል!»

ቢያድግልኝ ጀሪካኑን ተቀብሎ በአንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ አየ።

«በዚህ? እትዬ ይታይሽ፣ በዚህስ አልቀዳም።»

«ምነው?»

«ባለፈው አንዱ በቆሻሻ ጀሪካን ቀድቶ ሄደና ሞተሩ ሲቆምበት ‹ቢያድግልኝ ውሃ ቀላቅሎ ሸጠልኝ› እያለ በየጠላ ቤቱ አወራብኝ። ስም በአንድ ቀን ይጠፋል፤ እኔ ለማጥራት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ንጹሕ ጀሪካን ይዘሽ ነይ።»

ይታይሽ ሌላ ጀሪካን አላት፤ ያም እንደዚህኛው ቢጫ ነው። ግን አንጓች ቤት ነው። አንጓች አዲስ ቤት እየሠራች ነው። ምሰሶ በተቃጠለ ዘይት ከተቀባ ምስጥ አይደፍረውምና፣ ይታይሽ እሑድ ዕለት የሞተሩን ዘይት ስትቀይር አሮጌውን በዚያ ጀሪካን አጠራቅማላት ነበር። ማክሰኞ ዕለት አንጓች መጥታ ወሰደችው።

«አንጓች፣ ጀሪካኔን ገልብጠሽ መልሺልኝ!» አለች ይታይሽ ከደጅ ጀምራ። «ችግኙ ውሃ ይላል፤ ፓምፑ አልስብም ይላል፤ ሞተሩ አልነሳም ይላል፤ ኖዝሉ አልረጭም ይላል፤ ማንደፍሮ አላጥብም ይላል፤ ቢያድግልኝ አልቀዳም ይላል!»

አንጓች በጨርቅ ምሰሶ እየቀባች ነበር። ዞርም አላለች።

«አልመልስም።»

«አንቺ ደግሞ ለምን?»

«ምስጡ አልሞትም ይላላ!» አንጓች ጨርቁን ወረወረችው። «ምን ዓይነት ዘይት ነው የሰጠሽኝ? ቀባሁት፣ ደረቀ። ደግሜ ቀባሁት፣ ደረቀ። የእህቴ ምሰሶ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤ የኔ ይኸው፣ ለሰርግ የታጠበ ይመስላል! ምስጡ እንደሆነ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቤቱን ከኔ በፊት ገባበት።»

ይታይሽ ጀሪካኑን ዘንበል አድርጋ መዳፏ ላይ ትንሽ አፈሰሰች። ጥቁር አይደለም። እንደ ጠጅ ቢጫ ሆኖ በጣቶቿ መሐል ሾልኮ ፈሰሰ። አሸተተችው። እንደገና አሸተተችው።

«ናፍጣ ነው» አለች፤ ከሁለቱ በቀር ሰሚ በሌለበት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ማክሰኞ ዕለት ችግኝ መደቧ ላይ ተንበርክካ አረም ትነቅል ነበር። አንጓች ከአጥሩ ውጭ ስትጣራ፣ ቀና ሳትል «በሩ ላይ ያለውን ቢጫ ጀሪካን ውሰጂ» አለቻት። በሩ ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት ነበሩ። አንዱን ሰኞ ጥጋቡ አስቀመጠ፤ ማክሰኞ አንጓች ወሰደችው። ሌላውን እሑድ ይታይሽ አስቀመጠች፤ ዛሬ እራሷ ገለበጠችው።

«የኔስ ዘይት የት ሄደ?» አለች አንጓች።

«ሞተሩ ጠጣው።»

«ይትፋዋ! ጥቁሩ ዘይቴ ካልመጣ ይኼን ጀሪካን አልለቅም።»

አንጓች በአንድ ወገን ያዘች፤ ይታይሽ በሌላው ወገን ያዘች። አንዷም አልለቅ ስላለች ጀሪካኑን መሐላቸው አንጠልጥለው፣ አንጓች በሌላ እጇ ባዶ ማሰሮ ይዛ፣ ሁለቱም ወደ ወንዙ ወረዱ።

ቢያድግልኝ ከበርሜሉ አጠገብ አያቸው።

«እትዬ ይታይሽ፣ ንጹሕ ጀሪካን አገኘሽ?»

«አገኘሁ።»

«ታዲያ ልቅዳልሽ?»

«ሞልቷል» አለችና አንገቷን ደፍታ አለፈች። ቢያድግልኝ ራሱን አከከ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ትንሽ ቀርቷታል። ማንደፍሮ እጁን ሳይታጠብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አያ ጥጋቡ ሾላው ስር እንዳለ ነው።

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ አንጓች ሆነች። መንገድ ለመንገድ ስትሰማው ቃሉን ይዛዋለች።

«ማንደፍሮ! ችግኙ ውሃ ይላል፤ ፓምፑ አልስብም ይላል፤ ሞተሩ አልነሳም ይላል፤ ኖዝሉ አልረጭም ይላል፤ አንተ አላጥብም ትላለህ፤ ቢያድግልኝ አልቀዳም ይላል፤ እኔ ጀሪካኑን አልለቅም እላለሁ፤ ምስጡ አልሞትም ይላል! ናፍጣው ይኸው፤ ዘይቴን ወዲህ በል! ማክሰኞ ‹በሩ ላይ ያለውን ውሰጂ› ብላ አደናግራኝ ነው።»

ይህን ሁሉ ስትል ከሾላው ስር አንድ ራስ ቀና አለ። ይታይሽ ወደዚያ አላየችም።

ማንደፍሮ ጥቁሩን ከሞተሩ አንጠፍጥፎ ወደ አንጓች ማሰሮ ገለበጠ። አንጓች ጀሪካኑን ለቀቀች። ማንደፍሮ ኖዝሉን በንጹሑ ናፍጣ አጠበ፤ ማጣሪያውን አጠበ፤ የኖዝሉን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጠርጎ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየበት። ሁሉን ወደ ቦታው መለሰ። ንጹሑን ናፍጣ ሞላ፤ አንድ ብሎን ላላ አድርጎ አረፋው እስኪያልቅ አየሩን አስወጣ። መለኪያዋን መዝዞ የሆዱን ዘይት ተመለከተ። «ይኼኛው ደህና ነው» አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«በይ ማስነሻውን።»

ማስነሻው አሁንም ያለው አያ ጥጋቡ ብብት ስር ነው።

ችግኙ ውሃ ይላል፤ ፓምፑ ልሳብ ይላል፤ ሞተሩ ልነሳ ይላል፤ ኖዝሉ ልርጭ ይላል፤ ማንደፍሮ አጥቤያለሁ ይላል፤ አንጓች ለቅቄያለሁ ትላለች፤ ጥጋቡ ማስነሻውን አልሰጥም ይላል፤ የይታይሽ ምላስ አልፈታም ይላል።

ይታይሽ ችግኟን አየች። ሁለቱ ዳር መስመሮች መሬት ላይ ተኝተዋል። ወደ ሾላው ሄዳ አያ ጥጋቡ ፊት ቆመች።

«ጀሪካኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች፤ ከእግሯ ጣቶች ጋር የምትነጋገር ይመስል ነበር።

«ወንዙ አልሰማም» አለ አያ ጥጋቡ።

ይታይሽ ወደ መደቦቹ ዞረች።

«ስሙኝ! አያ ጥጋቡ ሌባ አይደለም! ያመጣልኝ ንጹሕ ናፍጣ ነው! ጀሪካኑን ያሳሳትኩት እኔ፤ ሞተሩን ያነቅሁት እኔ!»

ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ዶማውን ተደግፎ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «ምናልሽ? ስድቡን እንጂ ይኼኛውን አልሰማንም!»

ሳቅ ከመደብ መደብ ዞረ። ይታይሽ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው አብልጣ፣ ቃል ሳታጎድል ደገመችው።

አያ ጥጋቡ ተነሳ። ማስነሻውን ለማንም አልሰጠም፤ ራሱ ሄዶ ሞተሩ ላይ ሰካው። አንድ ጊዜ አዞረ፤ ሁለት ጊዜ አዞረ፤ በሦስተኛው ክንዱን በሙሉ ሰጠው።

የይታይሽ ምላስ ተፈታ፤ ጥጋቡ ማስነሻውን አዞረ፤ ኖዝሉ ረጨ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ፓምፑ ሳበ፤ ቦዩ ሞላ፤ ችግኙ ጠጣ። አንጓችም ማሰሮዋን አቅፋ፣ ለምስጡ እየዛተች፣ ወደ ቤቷ አቀናች።

ሁለቱ ዳር መስመሮች አልተነሱም። የቀረው ግን ውሃው በደረሰበት ሁሉ ቀስ እያለ ቀና አለ።

«አያ ጥጋቡ!» አለች ይታይሽ። «አያ ጥጋቡ፣ ስማኝማ…»

ሞተሩ ይጮሃል። ይስማት አይስማት አልታወቀም። ማስነሻውን ጠርጎ አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠላት። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ በቦዩ ዳር ዳር መሄድ ጀመረ። አንድ ቦታ ላይ ቦዩ ተሸንቁሮ ውሃዋ በከንቱ ይፈስሳል። እዚያ ቆመ፤ በእግሩ ጭቃ ገፍቶ ቀዳዳውን ደፈነላት፤ በተረከዙ ሁለት ጊዜ ረገጠው። ከዚያም መንገዱን ቀጠለ።