የቆቅ ባዶ ትልም

ተረት ተረት፣ የጎተራ መሠረት!

በአንድ አገር አንዲት ታታሪ ቆቅ ነበረች። ክረምት ሊገባ ሲል ከጃርት ትንሽ ጎተራ ዘር ትበደር ነበር። ጃርት ማስያዣ አይጠይቅም፤ ማሳዋ ድረስ ወርዶ ትልሙን ያይና አፈሩን አሽትቶ ይሰፍርላታል። እሱ ቢከለክላት እንኳ የጦጣ ጎተራ ነበረላት።

አንድ ዓመት ግን ዝሆን መጣና "ጎተራ ሲበዛ አይጥ ይበዛል" ብሎ ሁሉንም ጠቅልሎ ተራራ የሚያክል አንድ ጎተራ ሠራ። ጃርትን በረኛ አደረገው።

ቆቅ እንደ ልማዷ ማሳዋን ጭራ፣ ትልም አውጥታ፣ ቁናዋን ይዛ ሄደች።

"ቀንድሽን አስይዢ" አላት ዝሆን።

"ቀንድ ከየት ላምጣ ጌታዬ? ማሳዬን ይዩልኝ እንጂ!"

"እኔ ማሳ ለማሳ አልዞርም።"

ወደ በሩ ዞረች። "አያ ጃርት፣ አንተ እንኳ ንገርልኝ፤ ታውቀኝ የለም?"

ጃርት አንገቱን ደፋ። "አውቅሻለሁ እህቴ። ቁልፉ ግን እኔ ዘንድ የለም።"

ውሎ ሳያድር ዝናቡ ጣለ። ቆቅ ጫጩቶቿን በክንፏ ከልላ፣ ውሃው በባዶ ትልሟ ሲወርድ አየች። በዝሆን ጎተራ ዘሩን ነቀዝ ይበላው ነበር።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ አብሱ ግን አልልም፤ ዘንድሮ አልተዘራም።