ባለጣውላዋ

የወረዳው ኃላፊ አቶ ጥላዬ፣ ተፈጥሮ ያደላቸውን ሥራ ፈጣሪዎች ለይቶ ስለማብቃት ሥልጠና ሊሰጡ መጡ። አዳራሹ በር ላይ ወረዳው ለቧንቧ ብሎ ቆፍሮት ሦስት ክረምት ክፍቱን የቀረ ቦይ አለ። አንዲት ሴት ጣውላ አጋድማበት ሰውን በሁለት ብር ታሻግራለች። አቶ ጥላዬም ከረባታቸውን በእጃቸው ይዘው በእሷ ጣውላ ተሻገሩ፤ መክፈል ግን የለም።

አዳራሹ ሲሞላ ሴትዮዋን አስጠርተው ካሜራ ፊት አቆሟት። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ "ለዚህ ያበቃኝ ወረዳው ነው በይ። እምቢ ካልሽ ደንብ አስከባሪዎች ጣውላሽን ይወስዱታል" አሏት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "እስቲ ንገሪን የኔ እህት፣ ለዚህ ያበቃሽ ማነው?" ብለው ጠየቋት።

"እርስዎ ነዎታ ጌታዬ! ሌላ ማን አለኝ?" አለች።

አቶ ጥላዬ ፈገግ ብለው ወደ ካሜራው ዞሩ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ቦዩን ሳይደፍኑ ባይጠብቁልኝ ኖሮ፣ ይሄ ጣውላ እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር እንደተጋደመ ነበር። ብቻ አደራ፣ ሌሎችንም እናበቃለን ብላችሁ ሌላ ሰፈር እንዳትቆፍሩ፤ ጣውላ ተወዷል።"